የትራክ መድን

የራሱን ስፖርት መኪና ይዞ በእሽቅድምድም ትራክ ላይ ለሚነዳ ሰው የሚሸጥ፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ዝግጅት ብቻ የሚጸና የመድን ውል ነው። በአሜሪካ ፈላጊ ያገኘው መደበኛው የመኪና ኢንሹራንስ ስለማይበቃ ነው፤ ብዙዎቹ ውሎች ውድድርን ብቻ ሳይሆን በትራክ ላይ የሚሰጥ የማሽከርከር ሥልጠናንም ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ። ስለዚህ ባለመኪናው አዲስ ውል ከመግዛቱ በፊት በእጁ ያለውን፣ በተለይ «የማይሸፈኑ ጉዳቶች» የሚለውን ክፍል፣ ቃል በቃል ማንበብ አለበት።

የካሳው ጣሪያ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በስምምነት የሚወሰን ዋጋ ነው። 80,000 ዶላር የተገመተ ፖርሽ 911 ከግድግዳ ቢላተምና የባለቤቱ ድርሻ 10 በመቶ ቢሆን፣ የመጀመሪያው 8,000 ዶላር የሚወጣው ከራሱ ኪስ ነው። ለተጣመመ ፓራፋንጎ እንግዲህ ውሉ እምብዛም አይጠቅምም፤ የሚያድነው መኪናው እንዳልነበር ሲሆን ነው። ያለቀ ጎማ፣ የተበላ የፍሬን ሸራና የተቃጠለ ሞተር በአብዛኛው አይካሱም። በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ጉዳትም ብዙ ጊዜ በዚህ ውል ውስጥ የለም።

ዕዳ ያለበትን ወይም በሌላ መተካት የማይችለውን መኪና ይዞ የሚገባ ሰው አረቦኑን ቢከፍል ይሻለዋል። ርካሽና አሮጌ መኪና ያለው ግን ገንዘቡን ለጎማ ቢያውለው ያዋጣዋል።

በጀርመን ኑርቡርግሪንግ በተባለው የእሽቅድምድም ትራክ፣ 20.8 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው ሰሜናዊ ዙር፣ ሒሳቡ ከመኪናው ያልፋል፤ አጥፊው ነጂ የተጎዳውን የመንገድ ዳር ብረት፣ የመኪና ማንሻውንም ዋጋ ይጠየቃል።