ጨው፦ በሰቆጣ ገንዘብ፣ በአዋሽ መርገም

በሰቆጣ ገበያ ጨው ሀብት ነበር። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ በዋግ በኩል እስከ ጎንደር ይዘልቅ ነበር፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም እንደ ገንዘብ ሲያገበያይ ኖሯል።

ያው የአፋር ምድር ግን ሌላም የጨው ታሪክ አለው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን ያሰማራበት የነበረው የወንዝ ዳር መሬት የጥጥ እርሻ እየሆነ ሄደ። በመልካ ሰዲና በአሚባራ ውኃው በገፍ ተለቀቀ፤ ትርፉ የሚወጣበት ማፋሰሻ ግን በጊዜው አልተሠራለትም። የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ ቀረበ፤ ፀሐይ ውኃውን ስትመጥ ጨው አፈሩ ላይ ቀረ። ጥጡ ጠወለገ፤ ብዙ ማሳ ጦም አደረ። መሬቱን ገበሬም ከብትም አልተጠቀሙበትም፤ በብዙ ቦታ የወረሰው ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ ነው።

ዛሬ በአምደወርቅና በሰቆጣ ዙሪያ ዝናብ ሲያጥር ተስፋው መስኖ ነው። ተገቢ ተስፋ ነው። ነገር ግን መስኖ ውኃ ማስገባት ብቻ አይደለም፤ ትርፉን ማስወጣትም ነው። ለግድቡ በጀት ሲመደብ ለማፋሰሻውም አብሮ ይመደብ። ጨው በገበያ እንጂ በማሳ ላይ ሀብት ሆኖ አያውቅም።