ከጦርነት በኋላ የሚቀር ጦርነት

በታሪክ መጻሕፍታችን የጦርነት ማብቂያ በአንድ ዓመት ተወስኖ ይጻፋል። ፈንጂ በተቀበረበት አገር ግን ተኩስ የቆመበትና ሰላም የሰፈነበት ቀን አንድ አይደሉም። ለዚህም ኡጋንዳ ምስክር ናት።

የካምፓላ መንግሥት ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት ያጸደቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ በሰሜን የጆሴፍ ኮኒ አማፅያን ገና ይዋጉ ስለ ነበር፣ የአቾሊ ገበሬ ማሳውን ጥሎ በመጠለያ ጣቢያ ታጉሮ ይኖር ነበር። ወይዘሮ ማርጋሬት አራች ኦሬች በ1998 በፈንጂ እግራቸውን አጥተው፣ ኋላ የተጎጂዎች ማኅበር አቋቁመዋል።

በ2006 ተኩስ ቆመ። በ2009 የአፍሪካ መሪዎች በካምፓላ ተሰብስበው የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን የሚጠብቀውን ስምምነት ሲቀበሉ፣ ተፈናቃዩ በሚመለስበት መሬት ላይ ፈንጂ ገና ይለቀም ነበር። ለቀማው መፈጸሙ የተገለጸው በ2012 ነው። ይኸውም ከተኩሱ መቆም ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መሬቱ ቢጸዳም የተቆረጠ እግር አይበቅልም፤ ሰው ሠራሽ እግርም ያረጃል፣ ልጅም ሲያድግ ይጠበዋል።

የባድመንና የዛላምበሳን ጦርነት የምናስተምር እኛም፣ «ጦርነቱ መቼ አበቃ?» ከማለት ጋር «ገበሬው ማሳውን ያለ ፍርሃት ያረሰው መቼ ነው?» ብለን ተማሪዎቻችንን እንጠይቅ።