ቀንበሩ አለ፣ ድምፁ የለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፣ ታገሱኝ።

ተማሪዎችን ጋፋት ይዤ በሄድኩ ቁጥር የማትቀር ጥያቄ አለች፦ «ቲቸር፣ ሴባስቶፖል የታለ?»

አፄ ቴዎድሮስ መድፉን ያሠሩት እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ዋናው ግን መቅደላ አምባ ቀርቷል፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። እኔ የማሳያቸው ቦታውን ነው። ግን መድፉ እዚህ ቢሆንስ? 7 ቶን ገደማ መሆኑን እናይ ነበር። ያን ብረት በ1860 ዓ.ም. በገደል በዳገቱ መቅደላ ድረስ የጎተተው ሕዝብ ምን እያለ እንደሳበው ግን ብረት አይናገርም።

ሙዚየም ዕቃውን ያኖርልናል። እንቅስቃሴና ድምፅ የሚያኖረው ፊልም ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ገንዘብ አስከፍለው ፊልማቸውን ለሕዝብ ያሳዩት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.! የሁለት ወር ልዩነት። ዓድዋን ግን የቀረፀ የለም። ከመቶ ዓመት በኋላ የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ዓድዋ»ን ሲሠራ የጎደለውን የሞላው በሥዕል፣ በዜማና በአረጋውያን አንደበት ነው።

ይኸው ሰው በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀርፆ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ስለ አንድ ጭሰኛ ቤተሰብና ስለ ባላባታቸው ነው። ብዙ ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ያ ሥርዓት አበቃለት። ካሜራው የደረሰው ለጥቂት ነው። ፊልሙን በኋላ ያደሰው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ያለ የፊልም ቤተ መዛግብት!

አንድ ቀን በውሰት ፕሮጀክተር ክፍል ውስጥ ከፊሉን አሳየሁ። መጀመሪያ «ቀለም የለውም እንዴ?» ብለው ሳቁ። በለጠች የምትባለው እረኛ ላሟን ላድን ብላ ጎርፍ ሲወስዳት ክፍሉ ጸጥ አለ። ሲያልቅ አንዱ ከኋላ «ቲቸር፣ አያቴ ልክ እንደዚህ ነው የሚያወሩት» አለኝ። ስለ ጭሰኝነት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ለፍልፌ ያላመጣሁትን ያቺ ፊልም በአንድ ጊዜ አመጣችው።

ሲኒማ አዲስ አበባ የገባ ሰሞን ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ሰው ግድግዳ ላይ ሲንቀሳቀስ ቢያይ ምን ይበል! ዛሬ ግን የቀደሙት ሰዎች ሲራመዱና ሲናገሩ የምናየው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው።

የእኔ አያት ገበሬ ነበሩ። ሞፈርና ቀንበራቸው እስካሁን ጎተራ ሥር ተቀምጧል። ነገ አንድ ሙዚየም ቢጠይቀኝ እሰጣለሁ። በሬዎቻቸውን በስም እየጠሩ ሲያርሱ የነበረው ድምፃቸው ግን የለም። ስልክ በእጄ ነበር፣ አልቀዳሁትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ራሳችሁን ብቻ አትቅረፁ። አያታችሁ ሲያርሱ፣ አውድማ ላይ ሲያበራዩ፣ ሴት አያታችሁ ሲፈትሉ ሃያ ደቂቃ ቅረፁ። ስምና ቀን ጻፉበት። ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

የቤታችሁ ሙዚየም ከዚያ ይጀምራል።