ዕድርና የእናቶቻችን ቡና

ዕድር ሲባል ብዙዎቻችን ድንኳንና ለቅሶ ነው ትዝ የሚለን። አዲስ አበባ ውስጥ የተስፋፋው ግን ባለፈው መቶ ዓመት፣ እንደኛው አገራቸውን ለቀው ከየገጠሩ በመጡ ሰዎች መካከል ነው። ዘመድ ሩቅ ነው፤ ሰው ሲሞት ማን ይቅበረው? ስለዚህ ጎረቤታሞች በየወሩ እያዋጡ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት ገዙ። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሲበረታ ደግሞ ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው የታመመ ማስታመም፣ ወላጅ ያጣ ልጅ መርዳት ጀመሩ።

ገንዘቡ በገንዘብ ያዥ ይያዛል። ማን እንደቸገራት የሚታወቀው ግን በቡና ላይ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶቻችን ቡና ይጠራራሉ፣ በርበሬና ሽሮ ይበዳደራሉ። አንዷ ከቡና ከቀረች «ምን ሆና ነው?» ተብሎ በሯ ይንኳኳል።

እኛ ሪያድ ውስጥ በየሰው ቤት ስለምንውል እንደ እነሱ በር ማንኳኳት አንችልም። ስልኳ የተዘጋባት እህት ብትታመም ማን ይደርስላታል? ስለዚህ መዋጮ ከመጀመራችን በፊት ዛሬ በዚህ እንነጋገር፦ የምትሠሪበትን ሰፈርና ቤት ከመካከላችን የምታውቅ ማን ናት? አንቺስ የማንን ታውቂያለሽ?