ቁርጡባ፦ በባዕድ እጅ የቆመው፣ በገዛ እጅ የፈረሰው

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ከቤታችሁ ሳትነሱ ወደ ደቡብ ስፔን ይዘናችሁ እንጓዛለን። የምንጎበኛት ከተማ ቁርጡባ ናት፤ የአሁኖቹ ነዋሪዎቿ ኮርዶባ ይሏታል። በጉዟችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አንደሉስ ሲወራ ብዙዎቻችን የሚቀናን ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ በጥንቱ ክብር መኩራራት፣ ወይም «ወሰዱብን» እያልን መቆጨት። ከተማይቱ ግን በድንጋዮቿ የምትነግረን ሌላ ነገር አላት። ዛሬ እሱን እናዳምጥ።

ጉብኝታችንን ከወንዙ እንጀምር። የድሮዋን ከተማ በደቡብ በኩል ታክኮ የሚያልፈው ወንዝ ጓዳልኪቪር ይባላል። ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ጥሩት፤ ውስጡ ዐረብኛ ታገኛላችሁ። «አል-ዋዲ አል-ከቢር»፣ ትልቁ ወንዝ ማለት ነው። የሀገሩ ሰው ዐረብኛ መናገር ካቆመ ስንት ዘመን ቢያልፍም ወንዙን ዛሬም በዐረብኛ ስሙ ይጠራዋል።

በወንዙ ላይ ባለ 16 ቅስት የድንጋይ ድልድይ ተዘርግቷል። መጀመሪያ የሠሩት ሮማውያን ናቸው። ሙስሊሞች በ711 ከተማይቱን ሲይዙ ግን ድልድዩ ፈራርሶ ነበር። በ719 የአንደሉስ አስተዳዳሪ ሆኖ የተሾመው አስ-ሰምሕ ኢብን ማሊክ አል-ኸውላኒ ለኸሊፋው ለዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ጉዳዩን ጽፎ አማከራቸው። የከተማይቱም ቅጥር እንደ ድልድዩ ጥገና ይፈልግ ነበር፤ ለሁለቱም የሚበቃ ድንጋይ ደግሞ አልነበረም። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ኸሊፋው የቅጥሩ ድንጋይ ለድልድዩ እንዲውል፣ ቅጥሩ ደግሞ በጡብ እንዲጠገን አዘዙ። ጠንካራው ድንጋይ ሰውን ከሰው ለሚያገናኘው ዋለ፣ ለመከለያው ጡብ ይበቃዋል ተባለ። ድልድዩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቢታደስም እስከ ዛሬ ሰው ይመላለስበታል።

በድልድዩ ደቡባዊ ጫፍ ካላሆራ የሚባል የመከላከያ ግንብ አለ። ዛሬ የአንደሉስን የኑሮ ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም ሆኗል። ማዶውን ስትመለከቱ ደግሞ በዳርቻው አልቦላፊያ የተባለ ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ታያላችሁ። ከወንዙ ውኃ እየቀዳ ወደ ቤተ መንግሥቱ የአትክልት ቦታዎች ይልክ የነበረው መንኮራኩር እዚህ ነበር። አሁን የሚታየው በቅርብ ዘመን በአምሳያው የተሠራ ነው።

ድልድዩን ተሻግረን ወደ ሰሜን ስንዘልቅ ፊት ለፊታችን ታላቁ መስጊድ ይቆማል። ይህን መስጊድ ያስጀመረው ቀዳማዊ ዐብዱረሕማን ነው። ዐባሲዮች በ750 የኡመያን ቤተሰብ ሲፈጁ አምልጦ፣ በሰሜን አፍሪካ ለዓመታት ተንከራትቶ፣ በ756 የቁርጡባ አሚር የሆነ ስደተኛ ልዑል ነበር። የጥንት ዐረብ ጸሐፊዎች የመስጊዱን ቦታ ለክርስቲያኖቹ ዋጋ ከፍሎ እንደገዛ ይተርካሉ። ሥራው የተጀመረው በ785 ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ገዢዎች አንዱ የጀመረውን ሌላው እየቀጠለ ለሁለት መቶ ዓመታት አሰፉት።

እስቲ ወደ ውስጥ እንግባ። መጀመሪያ የሚቀበለን የብርቱካን ዛፎች የተተከሉበት ሰፊ ግቢ ነው። ከዚያ በሩን ስናልፍ ብርሃኑ ደብዘዝ ይላል፤ ዓይናችን እስኪለምድ ድረስ ጫካ የገባን ይመስለናል። ከ850 በላይ ዓምዶች በረድፍ በረድፍ ቆመዋል። የመጀመሪያዎቹ ዓምዶች ከሮማውያንና ከቪዚጎቶች አሮጌ ሕንጻዎች የተሰበሰቡ ነበሩ። ቁመታቸው አጭር ስለነበር ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ ግንበኞቹ በአንዱ ቅስት ላይ ሌላ ቅስት ደረቡ፤ ቀይ ጡብና ነጣ ያለ ድንጋይም እያፈራረቁ ገነቡ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው ያ ውበት መነሻው ችግርን በብልሃት መፍታት ነበር።

ወደ ቂብላው ስንጠጋ ኸሊፋ ሁለተኛው አል-ሐከም በ960ዎቹ ያሠራውን ሚሕራብ እናገኛለን። ሚሕራቡ እንደ ትንሽ ክፍል ወደ ውስጥ የገባ ሲሆን፣ ዙሪያው በወርቅማ የሞዛይክ ጠጠሮችና በዐረብኛ ጽሑፍ ያሸበረቀ ነው። አል-ሐከም ለዚህ ሥራ ባለሙያ ያስመጣው ከክርስቲያኑ የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ዘንድ ነው። ይህ ኸሊፋ የመጻሕፍት ወዳጅ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ክምችት እስከ 400,000 ይደርስ እንደነበር የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በዚያ ቤተ መንግሥት ከሠሩት ጸሐፊዎች መካከል በሰዋስውና በሒሳብ ዕውቀቷ የታወቀች ሉብና የምትባል ሴት እንደነበረች እህቶቻችን ልብ ይበሉ።

የካስቲያው ንጉሥ ሦስተኛው ፈርዲናንድ ቁርጡባን በ1236 ያዘ። መስጊዱም ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ። በ997 የአንደሉስ እውነተኛ ገዢ የነበረው አል-መንሱር ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የተባለችውን ከተማ ወርሮ የቤተ ክርስቲያኗን ደወሎች በምርኮኛ ክርስቲያኖች ትከሻ ወደ ቁርጡባ አስመጣ። ደወሎቹም ለመስጊዱ መብራት መያዣ ሆኑ። ከ239 ዓመታት በኋላ ፈርዲናንድ እነዚያኑ ደወሎች በምርኮኛ ሙስሊሞች ትከሻ አሸክሞ እንደመለሳቸው ይተረካል። ዘመን ተገላባጭ ነው፤ ትናንት ያሸከመ ዛሬ ይሸከማል።

ይሁንና መስጊዱ አልፈረሰም። በ1523 የከተማይቱ ጳጳስ መካከሉን አፍርሶ ትልቅ ካቴድራል ሊሠራ ሲነሳ የከተማው ምክር ቤት ተቃወመ። ንጉሠ ነገሥቱ ውሳኔ እስኪሰጡ ድረስ በማፍረሱ ሥራ የሚሳተፍ ሠራተኛ ሁሉ በሞት ይቀጣል ብሎ አወጀ። እነዚህ ሹማምንት ክርስቲያኖች ነበሩ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥት አምስተኛው ቻርልስ ለጳጳሱ ስለፈቀደ ካቴድራሉ በመስጊዱ እምብርት ላይ ተሠራ። ሚናራውም በኋላ በደወል ማማ ውስጥ ተሸፈነ። ሆኖም አብዛኞቹ ዓምዶች፣ ቅስቶቹና ሚሕራቡ ቀሩ። ሕንጻው በ1984 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዛሬ የካቶሊክ ካቴድራል ስለሆነ ሙስሊም ጎብኚ ገብቶ ያያል እንጂ ሶላት መስገድ አይፈቀድለትም። ልብ ይነካል። ግን ሕንጻው ቆሟል።

ከመስጊዱ ወጥተን በስተምዕራብ ወዳሉት ጠባብ መንገዶች እንግባ። ይህ የአይሁዶች ሰፈር ነበር። በ1315 የተሠራ ትንሽ ምኩራብ እስካሁን አለ። በአቅራቢያው የታላቁ አይሁዳዊ ሐኪምና ሊቅ የሙሳ ኢብን መይሙን ሐውልት ይታያል። ከከተማው ቅጥር አጠገብ ደግሞ በ1126 እዚሁ የተወለዱት ቃዲ፣ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ሁለቱም የቁርጡባ ልጆች ናቸው። ነገር ግን በሙወሒዶች ዘመን የኢብን መይሙን ቤተሰብ ለስደት ተዳረገ። ኢብን ሩሽድም በ1195 ከከተማቸው ተባረው የፍልስፍና መጻሕፍታቸው ተቃጠሉ። ይህን ያደረጉት ከውጭ የመጡ የመስቀል ጦረኞች አልነበሩም። የገዛ ከተማቸው ገዢዎች ነበሩ።

አሁን ደግሞ ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ምዕራብ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል እንሂድ። በተራራው ግርጌ መዲነቱ-ዝ-ዘህራእ ትገኛለች። ያሠራት በ929 ራሱን ኸሊፋ ብሎ ያወጀው ሦስተኛው ዐብዱረሕማን ነው። ሥራው በ936 ተጀመረ። ከተማይቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርዝመትና 750 ሜትር ያህል ስፋት ነበራት። በሦስት እርከን ተሠርታ ከላይ ቤተ መንግሥቱ፣ ከመካከል አዳራሾቹና አትክልቱ፣ ከታች መስጊዱና የሕዝቡ መኖሪያ ሆነ። የባዕድ ሀገር መልእክተኞች የእብነ በረዱን አዳራሽ ሲያዩ በግርማው ይደነግጡ ነበር ይባላል። ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ አዝ-ዘህራዊም በስማቸው የሚጠሩት በዚህችው ከተማ ነው። ባለ 30 ክፍሉ የሕክምና መጽሐፋቸው ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓውያን ለዘመናት ተምረውበታል።

በዚያው ዘመን ሙንዚር ኢብን ሰዒድ የተባሉ ደፋር ቃዲ ነበሩ። ኸሊፋው በግንባታው ተጠምዶ ከጁሙዓ ሶላት እስከ መቅረት ደርሶ እንደነበር ይተረካል። ቃዲው ሚንበር ላይ ወጥተው፣ እሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ እየሰማ፣ በሱረቱ አሽ-ሹዐራእ ውስጥ ስለ ዓድ ሕዝቦች ሕንጻ የተወሱትን አንቀጾች አነበቡበት። ኸሊፋው ተቆጣ፣ ግን ከሥልጣናቸው አላነሳቸውም። እውነት የሚናገር ዓሊም ያለው፣ ተቆጥቶም ቢሆን የሚሰማ ገዢ ያለው ሕዝብ ታድሏል።

ታዲያ ያቺ ከተማ ምን ደረሰባት? ከተመሠረተች ሰማንያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ሥልጣን ከሕጻኑ ኸሊፋ እጅ ወጥቶ ወደ አል-መንሱርና ልጆቹ ከዞረ በኋላ ውስጥ ውስጡን የታመቀው ቂም በ1009 ፈነዳ። መጀመሪያ የቁርጡባ ሕዝብ ተነስቶ አል-መንሱር ያሠራትን ሌላኛዋን ቤተ መንግሥት፣ አዝ-ዛሂራን፣ ዘርፎ አወደማት። ቀጥሎ ከሰሜን አፍሪካ የመጡት ወታደሮችና የከተማው ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ተፋጁ። እርስ በርስ ለመበላላት ሁለቱም ወገኖች ከሰሜን ክርስቲያን ጦር ገዝተው አመጡ። በ1010 እና በተከታዮቹ ዓመታት አዝ-ዘህራእ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በ1013 ቁርጡባ ራሷ ስትወረር የአንደሉስን ዑለማዎች ታሪክ የጻፉት ኢብኑል-ፈረዲ በቤታቸው ተገደሉ። ያን ጊዜ ገና ወጣት የነበሩት ኢብን ሐዝም ከተማቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ የቤታቸውን ፍርስራሽ እያስታወሱም በኀዘን ጽፈዋል።

በ1031 ኸሊፋነቱ ጨርሶ ቀረ። አንደሉስ ከሃያ በላይ ትንንሽ መንግሥታት ሆና ተበጣጠሰች። ጡለይጥላ በ1085፣ ቁርጡባ በ1236፣ ኢሽቢሊያ በ1248፣ በመጨረሻም ገርናጣ በ1492 ወደቁ። ልብ በሉ፤ ፈርዲናንድ የቁርጡባን በር ያንኳኳው አዝ-ዘህራእ ከጠፋች ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

የአዝ-ዘህራእ ድንጋዮች ለሌላ ሕንጻ እየተጫኑ ተወሰዱ፤ የቀረውን አፈር ዋጠው። ቦታው በሥርዓት መቆፈር የጀመረው በ1911 ነው። እስካሁን የተቆፈረው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ቢሆን ነው። በ2018 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት። ዛሬ ጎብኚው የሚያየው የባለሙያዎች እጅ እንደገና ያቆማቸውን ቅስቶችና በጥንቃቄ የተገጣጠሙ የእብነ በረድ ስብርባሪዎችን ነው።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። መስጊዱ በባዕድ እጅ ወደቀ፤ ተቀየረ፣ ተቆረሰ፣ ግን እስከ ዛሬ አለ። ቤተ መንግሥቱን ግን ላ ኢላሀ ኢለላህ የሚሉ ሰዎች በገዛ እጃቸው አፈረሱት፤ ዘጠኝ መቶ ዓመት ከአፈር በታች ከረመ። ባዕድ ያላደረገውን ፊትና አደረገው።

ይህ የነገሥታት ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። አባት ለፍቶ ያቆመውን ቤት ልጆች በውርስ ተካሰው ሸጠው ሲበታተኑ አይተናል። ሰፈርተኛው ሳንቲም ለቃቅሞ በሠራው መስጊድ ውስጥ ሁለት ወገኖች ተኮራርፈው በተለያየ በር ሲወጡም ታዝበናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል የሚለውን ተረት ሁላችንም እንተርታለን፤ ጠብ ሲመጣ ግን ድሩን የምንበጥሰው እኛው ነን። ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ስትቀመጡ «አንደሉስን ማን ወሰዳት?» ብለው ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ፣ ከፈርዲናንድ በፊት ስለ አዝ-ዘህራእ ንገሯቸው። የተኮራረፋችሁት ዘመድ ካለም እስከ ነገ አታሳድሩት።

አላህ (ሱ.ወ) ልቦቻችንን ያስማማልን። ለዛሬ በዚሁ እንሰናበታለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።