የደን መዋዕለ ሕፃናት፦ ግድግዳ የሌለው የልጆች ውሎ

አማርኛ የልጅነትን ጓደኝነት በአፈር ይለካል። ሁለት አዛውንት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ለማስረዳት ሲፈልጉ «አፈር ፈጭተን፣ ውሃ ተራጭተን ያደግን ነን» ይላሉ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ፊደል ቆጥረናል ማለትም ይቻል ነበር፤ ክብደቱ ግን እኩል አይሆንም። በቋንቋችን አብሮ አደግነት የሚጀምረው ከደጅ፣ ከጭቃው ነው። ስለዚህ «የደን መዋዕለ ሕፃናት» የሚለው ስያሜ ለጆሮ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ያን ያህል ባዳ አይደለም።

ስያሜው ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው ልጆች የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት፣ ዝናብም ቢሆን ፀሐይ፣ ከዛፍ ሥር የሚውሉበትን የቅድመ መደበኛ ትምህርት ዓይነት ያመለክታል። በሳምንት አንድ ቀን ለሽርሽር ወጥቶ መመለስ በዚህ ስም አይጠራም፤ እዚህ ክፍሉ ራሱ ደኑ ነው። አንድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ልጆችና ቢያንስ ሁለት ሞግዚቶች ይኖሩታል። ብርዱ ሲጠና የሚገቡባት ትንሽ የእንጨት ቤት ትኖራለች። የፋብሪካ መጫወቻ የለም። ያለው ግንድ፣ ገመድ፣ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ምናልባት አንድ አሮጌ ድስትና ባልዲ ነው። ሞግዚቷ ልጆቹ እስከየት ድረስ መሄድ እንደሚችሉ ወሰኑን ታሳያቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራዋ ቆሞ ማየት ነው። ግንዱ ለአንድ ልጅ ስለሚከብድ ሌላ ልጅ መጥራት ግድ ይሆናል። የማያውቀውን ልጅ ስሙን የሚጠይቀው ያን ጊዜ ነው። (በግንድም ይጣላሉ፤ ግን ተጣልተው ሳሉ ግንዱ ንቅንቅ አይልም።)

ነገሩ በስም የታወቀው በዴንማርክ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ኤላ ፍላታው የተባለች እናት የራሷንና የጎረቤቶቿን ልጆች ይዛ በየቀኑ ደን ለደን ትዞር ነበር። ይህን ያዩ ወላጆች ተሰባስበው ውሎውን ቋሚ አደረጉት። ስዊድንና ጀርመንም በየራሳቸው መንገድ ተከተሉ፤ በጀርመን በ1993 እ.ኤ.አ. ፍሌንስቡርግ ከተማ ላይ መንግሥታዊ ዕውቅና ካገኘ ወዲህ ቁጥሩ ከሺህ አልፏል።

ወደ አማርኛው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መከራከር ያስፈልጋል። «ነርሰሪ»ን እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ «የደን ነርሰሪ ልንከፍት ነው» ብትሉ የግብርና ባለሙያው «ስንት ሺህ ችግኝ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ እሱ የሚያውቀው ነርሰሪ ችግኝ ጣቢያ ነው። የከተማ ወላጅ ደግሞ ከኤልኬጂ በፊት ያለውን ክፍል ያስባል። «ጫካ»ም አይሆንም። ጫካ የገባ ሰው የሸፈተ ነውና «ልጄ ጫካ ዋለ» የምትል እናት ጎረቤቷን ታስደነግጣለች። «ዱር»ም ዱርዬን ወልዶልናል። የሚቀረው «ደን» ነው፤ ባለቤትና ጠባቂ ያለው፣ ሰው በሰላም ገብቶ የሚወጣበት።

«መዋዕለ ሕፃናት» ግን ከምንገምተው በላይ ለዚህ ጉዳይ የተሰፋ ቃል ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮብል በ1840 እ.ኤ.አ. «ኪንደርጋርተን» ያለው የሕፃናት የአትክልት ስፍራ ለማለት ነው። ሰውየው በአሥራ አምስት ዓመቱ በደን ጠባቂ ዘንድ ሙያ እንዲማር ተልኮ ስለነበር ስያሜው ከየት እንደመጣለት መገመት አይከብድም። አማርኛው አትክልቱን ትቶ ውሎውን ያዘ። «መዋዕል» ከግእዙ «ወዐለ» የመጣ ነው፤ ወዐለ ማለት ዋለ። «ዜና መዋዕል» የቀናት ወሬ ከሆነ፣ መዋዕለ ሕፃናትም ሕፃናት ቀናቸውን የሚያሳልፉበት፣ መዋያቸው ነው። መዋል ደግሞ በእኛ ዘንድ መማርን ያስከትላል፤ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች የማያውቅ አንባቢ የለም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በደብዳቤና በመመሪያ «የደን መዋዕለ ሕፃናት» እንበል፤ በአፍ ግን «የደን ውሎ» ይበቃል።

አሁን «ይህማ እኛ ዘንድ ድሮም ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። በሰሜን ተራሮች ከጨነቅ ተነስቶ፣ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ፣ መሸሃ ወንዝ ድረስ ወርዶ እንደገና ወደ አምቢኮ መንደር የወጣ መንገደኛ ሐሳቡን መስማት ብቻ ሳይሆን በዓይኑ ያየዋል። ከመንደሩ በላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በግ የሚጠብቁ ትንንሽ ልጆች ጭቃ አቡክተው በሬ ይሠራሉ። ሻኛው በአውራ ጣት ይወጣል፤ ቀንዱ ስንጥር ነው፤ ቀንበሩ በሣር የታሰረ ጭራሮ። አንድ ቀን እዚያ ቁጭ ብዬ ሳይ ሁለት ልጆች ለአንድ በሬ ተጣሉ። ያሸነፈው በሬውን ታቅፎ ዞር አለ፤ ከዚያ ቆመ። በአንድ በሬ አይታረስም። ተመልሶ «እንቀናጅ» አለ። በአባቶቻቸው ዘንድ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች የሚያደርጉት መቀናጆ ይኸው ነው፤ ተራ አውጥተው፣ ማን በፊት እንደሚያርስ ተስማምተው ጨዋታቸውን ቀጠሉ። አንድ መምህር ይህን በሰሌዳ ላስረዳ ቢል አንድ ሳምንት ይፈጅበታል።

ብዙም ሳይቆዩ በጎቹ ገብስ ውስጥ ገቡ። ትንሹ ልጅ ድንጋይ ይዞ ቁልቁል ሮጠ፤ ሲመለስ ከበሬዎቹ አንዱ ተረግጦ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። እረኛ የሚጫወተው ከሥራ በተሰረቀች ሰዓት ነው፤ ገብሱ ከተበላ የሚቆጡት አሉ፣ ገደሉ አጠገብ ሲደርስ የሚያየው ዐዋቂ የለም፣ ብዙ ጊዜም እኩዮቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ እሱ ሜዳ ይውላል። የደን ውሎ ያንኑ የጭቃ በሬ ወስዶ በጎቹን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ እረኝነትን የደን መዋዕለ ሕፃናት ነው ብሎ መጥራት ልጁን ማሞካሸት ይመስላል እንጂ ሥራውን መደበቅ ነው።

ከተማው ውስጥ ችግሩ ተቃራኒ ነው። በደባርቅ ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው «ኦ ክፍል» የሚማር ልጅ በግ አይጠብቅም፤ ጭቃም አያገኝም። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከግጭ መንደር ተነስተው ደባርቅ የሰፈሩት ቤተሰቦች ልጆች ከጓሳ ሜዳ ወደ ከተማ ቅያስ ነው የመጡት። ለእነዚህ የደን ውሎ ማሰብ ቅንጦት አይመስለኝም። የትኛው ደን ነው የሚባለው? በደጋው ጽድና ወይራ ሳይቆረጥ የቆየው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ጥላው ለልጆች የተመቸ ነው፤ ግን የዴንማርኩ ልጅ በቢላ ቅርንጫፍ ይጠርባል፣ እዚህ ቅርንጫፍ መስበር ነውር ነው፤ የደረቀውን ማንሳት እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል። ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሽማግሌዎች ጋር ሳይመከር ገመድ አይታሰርም። ጭራሮውን ከባሕር ዛፍ ማምጣት ይቻል ይሆናል። ክረምቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ ከሰኔ ጀምሮ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ጋቢ ዝናብ ጠጥቶ ከልጁ በላይ ይከብዳል፣ ቦት ጫማ ለሁሉም አይዳረስም።

አምቢኮ ላይ ግን «ደን» የሚለው ቃል ራሱ ይቸገራል። ከቤቶቹ ጥግ ካለው ባሕር ዛፍ በቀር ዙሪያው የገብስ ማሳና ገደል ነው። እዚያ ያለች እናት ልጇ የት እንደዋለ ብትጠየቅ ሜዳ ነው የምትለው፤ «የሜዳ ውሎ» ብትለንም አንከራከራትም።