የእግር ሕክምና ባለሙያ ለመሆን የሚያበቁ የትምህርትና የመግቢያ መንገዶች

በይፋግ፣ በወረታና በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ሩዝ የሚያመርቱ አርሶ አደሮች በክረምት ውኃ በተኛበት ማሳ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ይቆማሉ። የቆሰለ ወይም የተሰነጠቀ እግር ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ እንቅፋት ነው፤ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ቀላል የሚመስል የእግር ቁስል እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።

ፖዳያትሪ በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የእግር ሕክምና በብሪታንያ በአብዛኛው የ3 ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከቅድመ ሕክምና ትምህርት በኋላ የ4 ዓመት የዶክትሬት ሥልጠና ነው። በኢትዮጵያ በዚህ ስም የተለየ ዲግሪ መስጠት አልተለመደም። አገልግሎቱ በተለያዩ ሙያዎች የሚሰጥ በመሆኑ አመልካቹ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ከእነዚህ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ነው።

የአካሄድና የመገጣጠሚያ ችግርን ለማከም ለሚፈልግ ፊዚዮቴራፒ ተመራጭ ነው፤ ለይፋግ ነዋሪ ቅርብ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይህን ትምህርት ይሰጣል። ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ በሕክምና ዶክትሬት ከተመረቀ በኋላ የስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና አልፎ አጥንት ሕክምናን ይማራል። የቆዳ ሕክምናም በተመሳሳይ መንገድ የሚደረስበት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ስሜት ያጣ እግርን በመንከባከብ የረጅም ጊዜ ልምድ አለው። በነርስነት የሚሠለጥን ደግሞ በቁስል እንክብካቤ፣ እንዲሁም በባዶ እግር ለዓመታት ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት በመከላከል ያገለግላል። ይህ ሥራ በሳሙና፣ በንጹሕ ውኃና በጫማ የሚከናወን ቢሆንም ለብዙ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና የበለጠ ይጠቅማል።

ለእነዚህ ሁሉ መነሻው የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ነው፤ ምርጫው የሚደረገውም በ11ኛ ክፍል መግቢያ ላይ ነው። ተማሪው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ሲያመጣ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የትምህርት ክፍል ድልድል የሚደረገው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ስለሆነ የዚያ ዓመት ውጤት ወሳኝ ነው። ተመራቂው የመውጫ ፈተናና የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ካለፈ በኋላ የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል።

በአጭር ኮርስ «የእግር ሐኪም» እናደርጋለን ለሚሉ ተቋማት ክፍያ ከመፈጸም በፊት ዕውቅናቸውን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ይገባል። በውጭ አገር ፖዳያትሪ ለመማር ያሰቡም ስለ አቻ ግምት ከዚሁ ባለሥልጣን፣ ስለ ሥራ ፈቃድ ደግሞ ከጤና ሚኒስቴር ከመሄዳቸው በፊት ይጠይቁ።